የሳቪዮ ብርድ ልብስ፦ የአንድ ወጣት ቅዱስን ሕይወት ለልጆች ስለማስተማር

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ለካቶሊክ ወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። የቅዱስ ዶሜኒኮ ሳቪዮን ሕይወት ከተማርን ወዲህ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ብርድ ልብሱን ጥሎ መሬት ላይ መተኛት ጀምሯል። በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም፤ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ኳስ ጨዋታ ትቷል፤ ታናሽ እህቱ ስትስቅ ይቆጣታል። እናቱ ተጨንቃ መጣች። ካህናችን የሚመጡት በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ልጁን ምን ልበለው? ለሌሎቹስ ከዚህ ቅዱስ ሕይወት ምን ላስተምር?

ምላሽ፦

መምህር፣ ልጁ የሚያደርገውን ሳቪዮም አድርጎታል፤ በኋላ ግን ተከልክሎ ትቶታል። ታሪኩ ለልጆች ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቋረጠው ክልከላው ከመምጣቱ በፊት ነው። ሳቪዮ በክረምት በስስ አንሶላ ብቻ የተኛበት ታሪክ ልብ ስለሚነካ ተናጋሪው እዚያው ላይ ያቆማል፤ ሰሚው ልጅም ቤቱ ገብቶ ብርድ ልብሱን ይጥላል።

ከልጁ እንጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ዛሬ ማታ አልጋው ላይ፣ ብርድ ልብሱን ለብሶ ይተኛ። ነገ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ይሂድ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ ተራራ ሥር እንዴት እንደሚበርድ ለእርስዎ አይነገርም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ስላልተኛና ስላልበላ ነው።

ትእዛዙ ከእናቱ ወይም ከእርስዎ ብቻ ቢመጣ ግን ላይሠራ ይችላል። እንዲህ በመንፈሳዊ ነገር የተቃጠለ ልጅ የእናቱን ልመና እንደ ፈተና ይቆጥረዋል፤ ባለቀሰች ቁጥር እየበረታ እንደሆነ ያስባል። ስለዚህ ለካህኑ ዛሬውኑ ይደውሉላቸውና ልጁን ራሳቸው ያነጋግሩት። ምሥጢረ ንስሐ በስልክ አይፈጸምም፤ ምክርና ትእዛዝ ግን በስልክ መስጠት ይቻላል። ቃሉ አጭርና ግልጽ ይሁን፦ ያለ እኔ ፈቃድ ምንም ዓይነት የሥጋ ተጋድሎ አታድርግ። «ቀንስ» ወይም «መጠነኛ ይሁን» የሚል ምክር እንዲህ ላለ ልጅ አይጠቅምም። መጠኑን ራሱ ይወስናል፤ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ደግሞ መጠኑ ያድጋል።

ከካህኑ ትእዛዝ በኋላም አልበላም ካለ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ካዞረው፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ወይም የተናዘዘውን ኃጢአት ደጋግሞ እየተናዘዘ ዕረፍት ካላገኘ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። ወላጆች «ሰው ምን ይላል» ብለው ይህን ማዘግየት የለባቸውም። የሰውነትም የአእምሮም ሕመም የጸሎት መልክ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሐኪም ማየት ከእምነት ጋር አይጋጭም።

ስለ ጾም ሕግም ልጁ በትክክል ይወቅ። በላቲን ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሕግ የጾም ግዴታ የሚጀምረው 18 ዓመት ሲሞላ ሲሆን ከሥጋ መከልከል ደግሞ ከ14 ዓመት ጀምሮ ነው። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ የጾሙን አፈጻጸም ለየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ስለሚተው፣ በግዕዝ ሥርዓት የምትጠቀሙ ከሆነ ዝርዝሩን ከካህኑ ይጠይቁ። ደሴ ውስጥ ይህ ጉዳይ ሌላም መልክ አለው። ልጁ በጓሮው በኩል በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ የኦርቶዶክስ ጓደኛ አለው፤ በፊት ለፊቱ ደግሞ ረመዳንን የሚጾም የሙስሊም ጓደኛ አለው። «እኔ ካቶሊኩ ከእነሱ አንሳለሁ?» የሚል ጥያቄ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ይጠይቁት። የጓደኞቹን ጾም አያቃልሉበት። ነገር ግን እነሱ የሚጾሙት በማኅበረሰባቸው ሥርዓት፣ ቤተሰብ እያወቀ፣ የሚፈታበት ሰዓትና ቀን ተቆርጦለት እንደሆነ ያሳዩት። የእሱ ጾም ግን ሥርዓትም፣ ማብቂያ ቀንም፣ የሚያውቅለት ሰውም የለውም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ቀኖቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ዶሜኒኮ የተወለደው ኤፕሪል 2 ቀን 1842 በሰሜን ጣሊያን በፒየሞንቴ ግዛት፣ ኪየሪ አጠገብ ባለች መንደር ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በዚያን ዘመን ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆርቡት በ11 ወይም በ12 ዓመታቸው ሲሆን እሱ ግን በ1849 የፋሲካ ዕለት ገና በ7 ዓመቱ ቆረበ። ያን ቀን አራት ነገር ጽፎ ያዘ፦ የንስሐ አባቴ በፈቀደልኝ መጠን ቶሎ ቶሎ እናዘዛለሁ፣ እቆርባለሁም፤ በዓላትን አከብራለሁ፤ ወዳጆቼ ኢየሱስና ማርያም ይሆናሉ፤ ሞት ይምጣ እንጂ ኃጢአት አልሠራም። መምህር፣ አራተኛው ብዙ ስለሚጠቀስ ግድግዳ ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያውን ልብ ይበሉ፦ «የንስሐ አባቴ በፈቀደልኝ መጠን» ይላል። የ7 ዓመት ልጅ መንፈሳዊ ጉጉቱን ገና ሲጀምረው በሌላ ሰው እጅ አስቀምጦታል።

ኦክቶበር 2 ቀን 1854 ድሆች ልጆችን ከሚያሳድጉት ካህን ከዶን ቦስኮ ጋር ሲገናኝም የተናገረው ይህንኑ ነው። እኔ ጨርቁ ነኝ፣ እርስዎ ልብስ ሰፊ ይሁኑ፣ ለጌታ ያማረ ልብስ ይሥሩልኝ አለ። በዚያው ወር መጨረሻ ቶሪኖ ከተማ ቫልዶኮ ወደሚገኘው፣ ድሆች ልጆች የሚያድሩበት፣ የሚማሩበትና የሚጫወቱበት ወደነበረው የዶን ቦስኮ ቤት ገባ።

ቀጥሎ ያለው ለእርስዎ ልጅ በቀጥታ ይመለከታል። በ1855 ጸደይ ዶን ቦስኮ ለልጆቹ ሦስት ነጥብ ያለው ስብከት ሰበኩ፦ ሁላችንም ቅዱሳን እንድንሆን እግዚአብሔር ይፈልጋል፤ ቅዱስ መሆን ቀላል ነው፤ ለቅዱሳን በሰማይ ታላቅ ዋጋ ተዘጋጅቷል። ስብከቱ በዶሜኒኮ ልብ እሳት ለኮሰ። ውጤቱ ግን መጀመሪያ ላይ መልካም አልነበረም፤ ዝም አለ፣ ጨዋታ ተወ፣ ፊቱ ጠቆረ። ዶን ቦስኮ አስተዋሉትና ታመህ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ቅዱስ መሆን እንደሚፈልግ ሲነግራቸው ፍላጎቱን አመሰገኑ፤ ያዘዙለት ግን ሌላ ነበር፦ ሁልጊዜ ደስ ይበልህ፣ የትምህርትና የጸሎት ግዴታህን በትጋት ፈጽም፣ ከጓደኞችህ ጋር መጫወት አትተው። እንግዲህ ኳሱን መተው በእርስዎ ልጅ ላይ የታየ የብርታት ምልክት ሳይሆን መጀመሪያ መታረም ያለበት ነገር ነው። ዶን ቦስኮም ያረሙት ከዚያው ጀምረው ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ አያልቅም። ዶሜኒኮ ደስታውን መለሰ፤ ተጋድሎውን ግን በሌላ በር አስገባው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእመቤታችን ክብር በዳቦና በውሃ ልጹም አለ፤ የንስሐ አባቱ ከለከሉት። ዐቢይ ጾምን ጀመረ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ታወቀና ቆመ። አልጋው ውስጥ የእንጨትና የጡብ ስባሪ አስገባ፤ እሱም ተከለከለ። ከዚያ ክረምት መጣ፤ የቶሪኖ ክረምት በረዶ ነው። አንድ ቀን ዶን ቦስኮ ሲያዩት አልጋው ላይ ተኮማትሮ፣ አንዲት ስስ አንሶላ ብቻ ለብሶ ተኝቷል። በብርድ መሞት ትፈልጋለህ? አሉት። ኢየሱስ በቤተልሔም በረትና በመስቀል ላይ ከዚህም ያነሰ ነበር የለበሰው ብሎ መለሰ።

ተናጋሪዎች የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የሆነው ግን፣ ዶን ቦስኮ ከዚያ ወዲያ ያለ ፈቃድ ምንም ዓይነት የሥጋ ተጋድሎ እንዳያደርግ በጥብቅ ከለከሉት። ልጁ አዝኖ ታዘዘ። ሌላ ቀን ተክዞ አገኙት። ጌታ ንስሐ ካልገባህ መንግሥተ ሰማያት አትገባም ይላል፣ እኔ ደግሞ ተከልክያለሁ፤ ታዲያ መንግሥተ ሰማያቴ ምን ሊሆን ነው? አላቸው። ጌታ ከአንተ የሚፈልገው ንስሐ መታዘዝ ነው፣ ታዘዝ፣ ይበቃሃል አሉት። ሌላ አንድ ነገር አይፈቅዱልኝም? ብሎ ለመነ። እፈቅዳለሁ፤ ስድብን፣ ሙቀትን፣ ብርድን፣ ነፋስን፣ ዝናብን፣ ድካምን፣ እግዚአብሔር የሚልክብህን ሕመም በትዕግሥት ቻል አሉት። ይህ እኮ ወደድኩም ጠላሁም የሚመጣ ነው ሲላቸው፣ በግድ የምትሸከመውን ለእግዚአብሔር ስጠውና በጎነት ይሆንልሃል አሉት።

ከሳቪዮ ሕይወት ለደሴ ልጅ አንድ ትምህርት ብቻ መምረጥ ቢኖርብኝ ይህንን ንግግር እመርጥ ነበር። ልጅዎ ብርድ ፈልጎ መሬት ላይ መተኛት አያስፈልገውም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲወርድ ብርዱ ራሱ ያገኘዋል፤ በክረምት ጭቃው አለ፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን አለ፤ መብራት ሲሄድ ያላለቀ የቤት ሥራ አለ፤ የምትረብሽ ታናሽ እህት አለች። በእህቱ ሳቅ አለመቆጣት ከወለል መተኛት ይከብደዋል፤ ሞክሮ ይየው። ማንም የማያይለት፣ የማያደንቅለት ተጋድሎ ስለሆነ ራሱን ከፍ አድርጎ እንዲያይ አያደርገውም።

ስለዚህ የተከለከለው ነገር ባዶ ቦታ እንዳይቀር ምትክ ይስጡት፤ ባዶ ከቀረ ይመለስበታል። ለመጀመሪያው ወር ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ እናቱ ሳትቀሰቅሰው በሰዓቱ ተነስቶ አልጋውን ያንጥፍ፤ ቁርሱንም ሳይነጫነጭ ይብላ። ሁለተኛ፣ የዕለት ትምህርቱን ስልክ ሳይነካ ያጥና። ሦስተኛ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ወጥቶ ኳስ ይጫወት፤ ይህ እንደ ግዴታ ይሰጠው እንጂ እንደ ሽልማት አይሁን። ጸሎቱ በትምህርት ቀን ጠዋትና ማታ ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፦ የጠዋት ጸሎት፣ ከመቁጠሪያው አንድ ዐሥርት፣ ማታ አጭር የኅሊና ምርመራ። ለምርመራው ማስታወሻ ደብተር ከያዘ በቀን ከሦስት መስመር በላይ አይጻፍ። እንዲህ ያሉ ልጆች ሁለትና ሦስት ገጽ ኃጢአት መጻፍ ይጀምራሉ፤ ያኔ ዓይናቸው ከእግዚአብሔር ተነስቶ በራሳቸው ላይ ይተከላል።

ንስሐን በተመለከተ፣ ሳቪዮ ቫልዶኮ ሲገባ መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ኋላ በየሳምንቱ ይናዘዝ ነበር፤ አንድ የንስሐ አባትም ይዞ ቆየ። እናንተ ካህን የምታገኙት በሁለት ሳምንት አንዴ ስለሆነ ከመነሻው ጋር እኩል ናችሁ፤ በቂ ነው። ዋናው ልጁ ካህን እየቀያየረ «ይፈቀድልኝ» እያለ አለመዞሩ ነው፤ ኮምቦልቻ ሄዶ ከሌላ ካህን የተሻለ መልስ መፈለግ ከጀመረ ያስቁሙት። ሳቪዮ በየቀኑ መቁረብ ሲችል ለየቀኑ ሐሳብ ነበረው፦ እሑድ ለቅድስት ሥላሴ፣ ሰኞ ለበጎ አድራጊዎቹ፣ ማክሰኞ ለቅዱስ ዶሜኒኮና ለጠባቂ መልአኩ፣ ረቡዕ ለኃጥአን መመለስ፣ ሐሙስ በመንጽሔ (ከሞት በኋላ በሚነጹበት) ላሉ ነፍሳት፣ ዓርብ ለጌታ ሕማማት፣ ቅዳሜ ለእመቤታችን። በየቀኑ ቅዳሴ ለማያገኙ ልጆች ይህ በጠዋት ጸሎት ውስጥ በደንብ ይገባል፤ እንዲያውም ጸሎታቸው ስለራሳቸው ብቻ እንዳይሆን ያደርጋል።

ለሌሎቹ ወጣቶች ሁለት ታሪክ አጥብቀው ይንገሩ። አንደኛው የምድጃው ነው። ልጆች የክፍሉን ምድጃ በበረዶና በድንጋይ ሞሉት፤ ሲያዙ ዶሜኒኮ አደረገው ብለው በእሱ ላይ አሳበቡ። መምህሩ ክፉኛ ገሠጹት፤ እሱ ዝም አለ። በማግስቱ እውነቱ ወጣ። ለምን ዝም አልክ ሲባል፣ ጥፋተኛው ከዚህ በፊትም ስላጠፋ ይባረራል፣ እኔ ግን የመጀመሪያዬ ስለሆነ ይቅርታ አገኛለሁ ብዬ ነው፣ ጌታም ያለ በደሉ ተከሷል አለ። ሲያስተምሩት ግን አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ዝምታው በግሣጼ ለሚያልፍ ጥፋት ነው። ልጅ የሚደበደብበት፣ የሚደፈርበት ወይም የሚዘረፍበት ነገር ሲሆን ዝም ማለት ቅድስና አይደለም፤ ለወላጅ፣ ለእርስዎ ወይም ለፖሊስ መናገር አለበት። ይህን ልዩነት ሳይነግሩ ታሪኩን አይንገሩ።

ሁለተኛው የድንጋዩ ጠብ ነው። ሁለት ጓደኞቹ ቤተሰብ ለቤተሰብ ተሰዳድበው በድንጋይ ሊፈነካከቱ ቀጠሮ ያዙ። ምክርም ልመናም አልሰሙትም። ለመምህሩና ለወላጆቻቸው እናገራለሁ ብሎ ቢያስፈራራም አልሆነም፤ አብሯቸው ቦታው ድረስ ሄደ። ሊወራወሩ ሲሉ መሃላቸው ቆሞ ትንሽ መስቀሉን አወጣና፣ እያንዳንዳችሁ ይህን እያያችሁ «ኢየሱስ ያለ በደሉ ለገዳዮቹ ምሕረት እየለመነ ሞተ፣ እኔ ኃጢአተኛው ግን መበቀል እፈልጋለሁ» በሉና መጀመሪያ እኔን ምቱ አላቸው። ድንጋዩ ወደቀ። ሠፈር ለሠፈር፣ ክፍል ለክፍል በሚጣላበት ከተማ ልጆች ይህን ወዲያው ይረዱታል። ሳቪዮ ሁለቱንም ያውቃቸው ነበር፤ ሁለቱም ያምኑት ነበር፤ ለዚህ ነው የሠራው። የማያውቁትን ሰው ጠብ መሃል ገብቶ መቆም ሌላ ነገር ነውና ለትንንሾቹ ያስጠንቅቁ።

የተቀደደው መጽሔት ታሪክም አለ፤ ነውረኛ ሥዕል ያለበትን ወረቀት ከጓደኞቹ እጅ ነጥቆ ቀደደው። ዛሬ ስልክ ነውና የሰው ስልክ ንጠቅ ማለት አይቻልም። የራሱን ስልክ ማታ እናቱ ክፍል ያሳድር፣ ይበቃል።

ማኅበር ማቋቋም ከፈለጋችሁ ሳቪዮ ጁን 8 ቀን 1856 ከጓደኞቹ ጋር የንጽሕት ድንግል ማርያምን ማኅበር መሥርቶ ነበር፤ ደንቡ 21 አንቀጽ ነበረው። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይሰበሰቡ ነበር። እያንዳንዱ አባል አንድ የሚከብድ ወይም ብቸኛ ልጅ ይመደብለትና ይቀርበው፣ ያጫውተው ነበር። ከእነዚያ ልጆች አብዛኞቹ ኋላ ከዶን ቦስኮ ጋር ዲሴምበር 18 ቀን 1859 የሳሌዥያንን ገዳማዊ ማኅበር ለመመሥረት ከተቀመጡት መካከል ሆነዋል። እናንተ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ብትሆኑ ይመረጣል፤ ስብሰባውም ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ማኅበሩ የሚበላሸው አባላቱ የተመደበላቸውን ልጅ ጥፋት እየቆጠሩ ለእርስዎ ማቅረብ ሲጀምሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ይከልክሉ፤ ሪፖርታቸው «ምን አደረግኩለት» ብቻ ይሁን። የእርስዎን ልጅ ደግሞ የማኅበሩ መሪ አያድርጉት፤ አዲስ የመጣ ዓይን አፋር ልጅ ይመድቡለት። ሳቪዮ ካሚሎ ጋቪዮ የተባለውን አዲስ ልጅ ብቻውን ቆሞ ሲያገኘው፣ እኛ እዚህ ቅድስናን ሁልጊዜ ደስተኛ በመሆን ነው የምናደርገው ያለው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

ስለ ሞቱ ሲያስተምሩ ጥንቃቄ ያድርጉ። ዶሜኒኮ ሰውነቱ ደካማ ነበር። ሐኪም አይቶት ከመጽሐፍ ለጊዜው እንዲያርፍ መክሯል፤ አእምሮው ከዕድሜው ቀድሞ መብሰሉና መንፈሱ ያለ ዕረፍት መወጠሩ ኃይሉን እየጨረሰው እንደሆነ ተናገረ። ማርች 1 ቀን 1857 ወደ ቤተሰቡ ተላከ፤ ሐኪሞች በአራት ቀን ውስጥ ዐሥር ጊዜ ደም አፈሰሱት። ያ የዚያ ዘመን ሕክምና ነበር፤ ዛሬ ለሳንባ ሕመም ማንም ሐኪም አያደርገውም። ማርች 9 ቀን፣ 15 ዓመት ሊሞላው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ዐረፈ። ቅዱስ የተባለው በ14 ዓመቱ ስለሞተ አይደለም፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ጁን 12 ቀን 1954 ቅድስናውን ሲያውጁ የተመረመረው አኗኗሩ ነው። ልጆች «ቅዱስ ልጅ ቶሎ ይሞታል» የሚል ሐሳብ ይዘው እንዳይወጡ ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ ዕድሜ ጠግበው እግዚአብሔርን እንዳገለገሉ አብረው ይንገሯቸው።

ካህኑ በሚቀጥለው ሲመጡ ልጁ ከሌሎቹ ቀድሞ ይግባላቸው፤ ከኃጢአቱ በፊት ስለ ምግቡና ስለ እንቅልፉ እንዲጠይቁት አስቀድመው ይንገሯቸው። የሳቪዮ መታሰቢያ ሜይ 6፣ በእኛ ሚያዝያ 28 ነው። ለዚያን ቀን አንድ ነገር ያዘጋጁ። ዶን ቦስኮ በ1855 በስም በዓላቸው (በስሙ የሚጠሩበት ቅዱስ በሚከበርበት) ዕለት ልጆቹ የሚፈልጉትን ስጦታ በወረቀት እንዲጽፉላቸው ጠይቀው ነበር፤ ዶሜኒኮ ቅዱስ እንድሆን ይርዱኝ ብሎ ጻፈ። የእናንተም ልጆች ይጻፉ። ወረቀቱን ጉባኤ ላይ አያንብቡ። ለእያንዳንዱ ልጅ ካህኑና እርስዎ ተማክራችሁ በአንድ መስመር አንድ ሥራ ብቻ ጻፉለትና በእጁ ስጡት፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ አንድ ሥራ ጠይቁት።